አሥራ ሁለተኛው እግር

እኛ ዘንድ መሬት የማንም አይደለም። ወንዙ ሲያሻው ይሰጣል፣ ሲያሻው መልሶ ይወስዳል፤ አምና ሙዝ የተተከለበት ቦታ ዘንድሮ ዓሣ ይዋኝበታል። ንብረት የሚባለው እንጨቱ ነው፤ እንጨት ውስጥም ኡሊን። ኡሊን የመጋዝ ጥርስ ያረግፋል። ምስጥ አይደፍረውም፣ መቶ ዓመት ውሃ ውስጥ ቢከርም አይበሰብስም። ቤቶቻችን የሚቆሙት በሱ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው የቤቱን ምሰሶ «እግር» የምንለው። ሰው ይሞታል፣ ጣሪያ ያፈሳል፣ ግድግዳ ይቀየራል፤ እግሩ ግን ከአያት ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።

የአባታችን ቤት አሥራ ሁለት እግር ነበረው። ቅድመ አያታችን ከላይኛው ጫካ ቆርጦ ያወረዳቸው ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ጫፍ ላይ በመጥረቢያ የተፈለጡ ሦስት ጭረቶች አሉ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ታሩንግ ደም እስክንቃባ የደረስነው በነዚህ አሥራ ሁለት እግሮች ነው።

ስሜ ሩስናኒ ነው፤ ሰው ግን በልጄ ስም የኤልቲን እናት ይለኛል። ከመንደራችን ከቱምባንግ ሳራይ እስከ ታች ሙዋራ ባንታ ድረስ የሞተር ጀልባ እነዳለሁ። ባሌ ሲሞት ጀልባውን ለሌላ ሰው ስጪ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ሞተሩን ራሴ አስነሣሁት፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመቴ። ምላሷ ስለት ነው ይሉኛል። ቀኑን ሙሉ ከሞተር ጋር እየተጯጯሁ የምውል ሰው ምን እንድሆን ነው የፈለጉት?

ታሩንግ መንደሩን ጥሎ ከተማ ከወረደ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። የመጣው አባታችን ሲሞት ነው። አባታችንን እንደ ደንቡ ሸኝተን፣ የታረደው አሳማ አልቆ፣ እንግዳው ሁሉ ከተበተነ በኋላ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ሳለ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሩስ፣ እግሮቹን ልወስድ ነው።»

«የማንን እግር?»

«የቤቱን። ሙዋራ ባንታ፣ መንገዱ ዳር ቦታ አግኝቻለሁ። ቤት ልሠራ ነው።»

«ታዲያ በሲሚንቶ አትሠራም? ሃያ ሁለት ዓመት ሲሚንቶ ስታቦካ ኖረህ የለ እንዴ!»

«ሲሚንቶ ቤት ውስጥ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለ መሬት መሬት እያየ። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ጭራሽ። አባታችን እግር ላይ መተኛት ነው የምፈልገው።»

እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ሲል አንጀቴን በላው። አፌ ግን አንጀቴን ሰምቶ አያውቅም።

«እንቅልፍ ያጣ ሰው መድኃኒት ይፈልጋል እንጂ የእህቱን ቤት አያፈርስም! እኔ የት ልግባ? አባታችን ሁለት ዓመት ሲተኛ ያጠበው የማን እጅ ነው? ያንተ እጅ የት ነበር?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ብመኝም አልመልሰውም። ታሩንግ ተነሥቶ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት የባህል ዳኛችን ቤት ተቀምጦ አገኘሁት።

የባህል ዳኛውን ዳማንግ እንላቸዋለን። ዳማንግ ጉሜር ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቀኑን ሙሉ አፍ የሚያቀላ ቅጠል ከኖራ ጋር እያኘኩ በወለሉ ክፍተት ቀይ ምራቅ ቁልቁል ይተፋሉ፤ ዶሮዎቻቸው እንኳ ከሥር ማለፊያውን ለይተው ያውቁታል። ሁለታችንንም ጨርሰው ሰሙን። ከዚያ በትራቸውን ይዘው ቤታችን ድረስ መጡና ጣታቸውን ኖራ ውስጥ እየነከሩ እያንዳንዱ እግር ላይ ነጭ ነጥብ አሳረፉ።

«አባባ፣ ይሄ ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ቤቱ ሙሉ መሆኑን ላረጋግጥ ነዋ! ጎደሎ ቤት አይከፈልም፤ አንዱ እግር ሲጠፋ የማን ድርሻ ጠፋ ተብሎ ሰው ይጋደላል። አሥር… አሥራ አንድ… አሥራ ሁለት። ሙሉ ነው።» ተፉና ፈረዱ። «እግሩ ለታላቅ። ከእግሩ በላይ ያለው እዚሁ ለቀረው።»

ዳማንግ ሊሄዱ ሲሉ ዞር አሉ።

«ሕጉ እንዴት እንደምትከፋፈሉ ይናገራል እንጂ ተከፋፈሉ አላለም። እደሩበት።»

እኛ ግን ምንም አላደርንበትም። የዘመድ ጥል የሥጋ ትል ነው፤ ከውስጥ ሆኖ ይበላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤቱ ወረደ። «ከእግሩ በላይ ያለው» ሲሉ ትልቅ ነገር ይመስላል፤ ሲፈርስ ግን በላስቲክ የተሸፈነ የጣውላ ክምር ነው። እግር የሌለው ጣውላ ምን ይሠራል? በተራ እንጨት ላይ ባቆመው በአራት ዓመቱ በስብሶ ይወድቃል። ኡሊን እንዳልቆርጥ ደግሞ በቅርብ ያለው ጫካ ውስጥ አንድም አልቀረም። በሃምሳ ዓመቴ ቤት አልባ ሆንኩ፤ ፍራሼን ተሸክሜ የዮን እናት ተንሳፋፊ ሱቅ ውስጥ ገባሁ። የዮን እናት ከታች ከተማ ተድራ የመጣች፣ ነዳጅና ኑድል የምትሸጥ፣ ወሬ በነፃ የምትሰጥ ጎረቤቴ ናት።

አሁን ስለ ግንድ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ኡሊን አይንሳፈፍም። ውሃ ላይ ከጣሉት እንደ ድንጋይ ቁልቁል ይወርዳል። በወንዝ የሚጓዘው ከቀላል ግንዶች ጋር አንድ ላይ ታስሮ ነው። መንሳፈፊያ የምንለው ይህን ነው። ቀላሉ ግንድ ደግሞ ደረቅ መሆን አለበት፤ ከመቆረጡ ከሦስት ወር በፊት ቅርፊቱ ዙሪያውን ይላጥና ዛፉ እንደቆመ ይደርቃል። እርጥብ ግንድ ውሃ ይጠጣል። ጠዋት ሲነሣ ይንሳፈፋል፣ ቀትር ላይ ይሰምጣል። ይህን እኛ መንደር ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃን ያውቃል።

ታሩንግ ግንዶቹን ሰኞ ቆርጦ ዓርብ አሰራቸው። ሩዝ የሚዘራበት ሳምንት ስለነበር መንደሩ በሙሉ ኮረብታው ላይ ነው፤ ዳማንግም ሳይቀሩ የእርሻ ጎጆ ወጥተዋል። ቅዳሜ ጠዋት እኔ የዮን እናት ሱቅ ጠርዝ ላይ ጀልባዬ ውስጥ ነዳጅ እየሞላሁ ነበር። መንሳፈፊያው ሲጫን ግንዱ ከውሃው በላይ አንድ መዳፍ ያህል ከፍ ማለት አለበት። የታሩንግ ግንድ ግን ሁለት ጣት እንኳ አይሞላም ነበር።

አየሁት። እያየሁት መሆኑንም እሱ አየ።

ገመዱን ፈታ፣ እንደገና አሰረ፣ እንደገና ፈታ። ባርኔጣውን አወለቀና መልሶ አጠለቀ። ወደኔ ቀና አለ። እኔም የነዳጁን ጀሪካን ሙጭጭ ብዬ ይዤ አየሁት።

«የኤልቲን እናት» አለች የዮን እናት ከኋላዬ ሆና፣ «እኔ እንጨት አላውቅም፣ ግን ይሄ ነገር ዝቅ አላለም እንዴ?»

«እኔ ምን አገባኝ! የራሱ እግር ነው፤ ይሂድበት።»

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ያን ቀን እኔ አፍ ውስጥ የገባው ከዝንብ የከፋ ነው። ወንድሜ በረጅም ዘንግ ዳርቻውን ገፋ፤ መንሳፈፊያው አጉረምርሞ ዞረና ከአባቴ አሥራ ሁለት እግሮች ጋር ቁልቁል ሄደ።

ያን ቀን ሁለት ተሳፋሪ ነበረኝ፤ አንዲት ምንጣፍ ሻጭ አሮጊትና ለገበያ የያዙት አውራ ዶሮ። የምንነሣው አራት ሰዓት ላይ ነበር። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የጀልባዬን ገመድ ፈታሁ። ላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ደፍርሶ ቅጠልና ቅርንጫፍ ያመጣል። ታች ደግሞ ወንዙ በቋጥኞች መሃል የሚገለባበጥበት ቦታ አለ፤ «የአማት ምላስ» እንለዋለን። ውሃ ሲጎድል መንገደኛው ሁሉ ወርዶ ዕቃውን ተሸክሞ በእግር የሚዞረው፣ ሲሞላ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያልፈው ቦታ ነው።

«እትዬ፣ ይግቡ፣ እንሂድ!»

«ኧረ ገና ነው! ባለቤቴ ሙዝ ሊያመጣልኝ ነው።»

«ሙዙ ዋኝቶ ይድረስብን!»

አሮጊቷን በክንዳቸው፣ ዶሮውን በእግሩ ይዤ አስገባኋቸውና ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ዘጠኝ ዓመት ስነዳ እንደዚያ ቀን ጸልዬ አላውቅም። ጸሎቴም ስድብ የተቀላቀለበት ነበር።

የአማት ምላስ አፍ ላይ ደረስኩበት። መንሳፈፊያው ወደ ጎን ዞሮ ፊቱ ሰምጧል። የታሰረበት ሐረግ እየተበጠሰ ሲጮህ ከሞተሬ በላይ ይሰማል። የአባቴ እግሮች አንድ በአንድ፣ ሰው ደረጃ እንደሚወርድ፣ ቀስ እያሉ ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ታሩንግ በጉልበቱ ተንበርክኮ የመጨረሻውን በሁለት እጁ አቅፏል።

«ልቀቀው!» አልኩት።

«የአባቴ ነው!»

«አባትህ ሞቷል! ልቀቀውና አንተ ትረፍልኝ!»

አየኝ። ለቀቀው። እግሩ ሲወርድ መንሳፈፊያው ተገለበጠና ወንድሜም ከውሃው ሥር ጠፋ። ባርኔጣው ብቻዋን ስትሄድ አየሁ። ጀልባዋን በሁለት ቋጥኝ መሃል አስገብቼ፣ ጭንቅላቱ ብቅ ሲል በሸሚዙ ኮሌታ ያዝኩት፤ ሸሚዙ ተቀደደ። በጸጉሩ ያዝኩት። አሮጊቷ፣ እድሜ ይስጣቸው፣ ምንጣፋቸውን ጥለው በቀበቶው ጎተቱት። እንደ ትልቅ ዓሣ ተገልብጦ ዶሮው ላይ ወደቀ። ዶሮው ግንባሩን ነቆረው።

«እትዬ» አለ ታሩንግ ውሃ እየተፋ፣ «ይህን ዶሮ ያዙልኝ።»

መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ውሃው ረጋ ካለበት ስንደርስ ሁለቱንም አደረግሁ፤ ፊቴን ወደ ሞተሩ አዙሬ ስለነበር ያየኝ የለም።

ጉልበቱ ተጎድቶ ስለነበር ወደ መንደር መልሼ ወሰድኩት። የት ይግባ? የዮን እናት ሱቅ ውስጥ ገባ። አንድ ክፍል ውስጥ፣ እኔ በዚህ እሱ በዚያ፣ በመሃላችን የኑድል ካርቶን ተደርድሮ ሁለት ወር ተኩል ኖርን። አንነጋገርም። ሰው ሊስቅብን ሲፈልግ «ነዳጅ ልግዛ» ብሎ ይመጣ ነበር።

«የኤልቲን እናት፣ ወንድምሽ ጨው አቀብይኝ ይላል» ትለኛለች የዮን እናት።

«እጅ የለውም ወይ በይው።»

«እጅ የለህም ወይ ትላለች።»

«ሰምቻለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም በያት።»

«ደንቆሮ አይደለሁም ይላል። ኧረ ተዉኝ፣ እኔ ሱቅ ነው የከፈትኩት እንጂ ፖስታ ቤት አይደለም!»

ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፤ ሩዜን ግን ሳልጨርስ እነሣለሁ። ወንድሜ ጉልበቱን እየያዘ ሲነሣ ባየሁ ቁጥር ያ ሁለት ጣት የማይሞላ ግንድ ዓይኔ ላይ ይመጣል። አንዲት ቃል ነበረች የምታድነው። «ቆይ» ብለው ይቆይ ነበር። ቤት ካጣሁት ይልቅ ይህችን ቃል ማስቀረቴ ነው ያቃጠለኝ፤ ለማን ይነገራል?

እግሮቹ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የታሩንግ አልነበሩም። ወንዝ የዋጠው የወንዝ ነው፣ ያወጣ ወሰደው፤ ሕጋችን ይሄ ነው። ነገር ግን የአማት ምላስ ሥር ካለው ገንዳ ምን ይወጣል? ስለዚህ እኔ እግር የሌለው ቤት፣ እሱ ቤት የሌለው እግር ይዘን፣ አንድ ካርቶን ተደግፈን ተቀመጥን።

ነሐሴ ሲገባ፣ እኛ አገር የበጋ ወር ነውና፣ ዝናቡ ቆመ። በዚያ ዓመት የደረቀውን ድርቀት ሽማግሌዎችም አያስታውሱትም። ወንዙ በየቀኑ አንድ ክንድ ይወርዳል፤ ሱቁ ከዳርቻው እየራቀ ሲሄድ የዮን እናት በየሦስት ቀኑ መረማመጃ ጣውላ ትቀጥላለች። አንድ ከሰዓት በኋላ መረብ የሚጥል ሰው ሲጋራ ሊገዛ መጣና «አማት ምላስ ላይ ጥቁር ጥቁር ነገር ብቅ ብሏል፤ አዞ መስሎኝ ዞር አልኩ» አለ። እኔ ሰማሁ። ከካርቶኑ ወዲያ የነበረው ማንኪያም ቀጥ አለ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ኮቴዬን አጥፍቼ ጀልባዬን ፈታሁ። የዮን እናት ታንኳ በቦታው የለም። «አንተ ሌባ!» አልኩ ለራሴ፤ እኔ ግን ልሰርቀው እየሄድኩ እሱን ሌባ የምልበት ምክንያት እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ስደርስ ፀሐይ ወጥታለች። ውሃው ጎድሎ የቋጥኞቹ ሥር ተገልጧል፤ ከሥራቸው ባለው ጠጠር ላይ የአባቴ እግሮች ተጋድመዋል። አንዱ በአንዱ ላይ፣ ታጥበው ጠቁረው፣ እንደ ቆረጧቸው ዕለት ደህና። ታሩንግ አንደኛው ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል።

«ቀደምኩሽ» አለ። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

«አውጥተሃል?»

«አንዱን እንኳ አልነቀነቅሁም። ሰው አንድ ቢሆን ምን አባቱ ይችላል?»

አጠገቡ ሄድኩ፤ መቀመጥ ግን አልቻልኩም። ቆሜ ነው የተናገርኩት።

«አያ፣ ግንዱ እርጥብ መሆኑን አይቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት። እንደሚሰምጥ አውቄ ነው ዝም ያልኩህ። በቁም ልገድልህ ነበር።»

ታሩንግ አንድ ጠጠር አነሣና ውሃ ውስጥ ጣለ።

«እኔስ አላውቅም ነበር? ይሄ ወንዝ ያሳደገኝ አይደለሁም? ሰኞ የቆረጥኩት ራሴ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ሄድክ?»

«ቆይ እንድትዪኝ ጠበቅሁ። ገመዱን ሁለቴ ነው የፈታሁት። ቆይ ብትዪኝ እቀር ነበር። ቤቱንም፣ እግሩንም፣ ሁሉንም ትቼ እቀር ነበር። አላልሽም። እንግዲህ አፍሬ ልመለስ?»

በሕይወቴ ሰው እንደዚያ መትቼ አላውቅም። በእርጥብ ሻሽ ጀርባውን ገረፍኩት፤ እሱም እጁን አላነሣም። «አህያ! አንተ የአህያ አህያ!» እያልኩ ገረፍኩት፣ እያለቀስኩ ገረፍኩት። ሲደክመኝ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው በዚያ በኩል ያዢ።»

ያገኘነውን ወፍራም ቅርንጫፍ ከሥሩ አስገብተን፣ እያንከባለልን፣ እየተሳደብን፣ ቀትር ላይ የመጀመሪያውን እግር ከፍ ካለው ዳርቻ አደረስን። ሁለተኛውን ስንጀምር የመንደሩ ሰው ወሬ ሰምቶ መጣ። ዳማንግ ጉሜርም በሰው ትከሻ ተደግፈው መጡ። ሕግ ነውና ጠየቁ።

«የመጀመሪያውን ማን አወጣው?»

«እሱ» አልኩ እኔ።

«እሷ» አለ ታሩንግ።

«ሁለት ወር ተኩል ተኳርፋችሁ ውሸት የምትጀምሩት ዛሬ ነው?» አሉና ተፉ። «ደግ፤ ሁላችሁም አግዟቸው።»

እስኪመሽ አሥራ አንድ እግር ወጣ። አሥራ ሁለተኛው የለም። ወጣቶቹ ገንዳው ውስጥ ገብተው በእግራቸው ዳሰሱ፤ የለም። ዳማንግ እንደዚያን ቀን ጣታቸውን ኖራ ውስጥ እየነከሩ አንድ በአንድ ነጥብ አሳረፉባቸው፤ ሲጨርሱም መላልሰው ቆጠሩ።

«አሥራ አንድ። ጎደሎ ነው። ጎደሎ ቤት አይከፈልም» አሉ። «አንድ ላይ አቁሙት፤ አንድ ላይ ኑሩበት። አሥራ ሁለተኛው የተገኘ ቀን ኑ፤ የማን እንደሆነ ያኔ እነግራችኋለሁ።»

የት ይቁም? እንዳንወስደው ወደ ላይ ያን ሁሉ ከባድ እንጨት የሚሸከም ውሃ የለም፣ ወደ ታች ቋጥኝ ነው። ታሩንግ ዳርቻውን ሽቅብ አየ፤ ዕቃ ተሸካሚው ሁሉ አረፍ የሚልበት ዛፍ ሥር ዘርጋ ያለ ቦታ አለ።

«እዚሁ ብንተክለውስ?» አለ።

«የአማት ምላስ ላይ?»

«ያንቺን የለመድኩ ሰው ነኝ፤ ይቺ አትበዛብኝም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ የሳቅሁት ከሁሉም በኋላ ነው፤ ረጅም ጊዜም ሳቅሁ። ጣውላዎቼን በአሥራ አራት ምልልስ አወረድኩ። ለአሥራ ሁለተኛው ማዕዘን ታሩንግ ተራ ዛፍ መረጠና ቅርፊቱን ዙሪያውን ላጠ። ሦስት ወር ሙሉ ዛፉ ቆሞ እስኪደርቅ ድረስ ግማሹን ቤት በላስቲክ ሸፍነን ጠበቅን። ያን ጊዜ ማናችንም አልቸኮልንም።

ቤቱ አሁን አራተኛ ዓመቱ ነው። ውሃ ሲጎድል መንገደኛው ዕቃውን አውርዶ በረንዳችን ላይ ያርፋል፤ ታሩንግ ሻይ ያፈላል፣ ሩዝ ከተጠበሰ ዓሣ ጋር ያቀርባል፣ የአሮጊቶችን ሸክም ይሸከማል። እኒያ ምንጣፍ ሻጭም ያልፋሉ፤ ዶሮ ይዘው ከመጡ ግን እሱ ጓዳ ይገባል። እኔ ከላይ ስመጣም ከታች ስመለስም ጀልባዬን ቤቴ ሥር አስራለሁ። ወንድሜ ይተኛል። እንዴት ያለ እንቅልፍ መሰላችሁ! ሲያንኮራፋ ቋጥኙ ላይ የሚገለበጠው ውሃ አይሰማም።

ባለፈው ነሐሴ ወንዙ እንደገና ጎደለ፤ ከዚያኛውም ዓመት በታች ወረደ። አንድ ቀን ጀልባዬን እያሰርኩ ቁልቁል ገንዳው ውስጥ ተመለከትኩ። ውሃው ጠርቶ አረንጓዴ ሆኗል። ከትልቁ ቋጥኝ ሥር አንድ ጥቁር ቀጥ ያለ ነገር ተሸጉጧል፤ ጫፉ ላይ ሦስት የመጥረቢያ ጭረት።

አየሁት። ቀና ስል ታሩንግ ዳርቻው ላይ ቁጢጥ ብሎ የሩዝ ድስት ያጥባል። እጁ ድስቱ ውስጥ ቆሟል፤ ዓይኑ እኔ ያየሁት ላይ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ ልክ እንደዚያ ቅዳሜ ጠዋት።

«ውሃው ዘንድሮ በጣም ጎድሏል» አለ።

«ጎድሏል።»

«ይዘንብ ይመስልሻል?»

«ይዘንባል» አልኩት። «ሰሞኑን ይዘንባል።»

በዚያው ሳምንት ዳማንግ ጉሜር ለልጅ ልጃቸው ሠርግ ወደ ታች ሲወርዱ በኔ ጀልባ ተሳፍረው መጡ። ከጀልባው ሳይወርዱ፣ እንደ ወትሯቸው፣ ጠየቁን።

«እህስ ልጆች፣ አሥራ ሁለተኛው አልተገኘም?»

«አልተገኘም፣ አባባ» አልን ሁለታችንም በአንድ ድምፅ።

በትራቸውን ተደግፈው ከጀልባው ጠርዝ ቁልቁል አጎነበሱ። ልክ ከሥራቸው ነው ያለው። ብዙ አዩ። ከዚያ ቀይ ምራቃቸውን ውሃው ላይ ተፉና ቀና አሉ።

«ዓይኔ ደክሟል፤ ምንም አይታየኝም» አሉ። «ሻይ አለ?»

«አለ፣ አባባ» አለ ታሩንግ፤ ደግፎ ወደ ላይ ሲያወጣቸው ወደኔ ዞሮ «ሩስ፣ ያ ማዕዘን ላይ ያለው እግር ሥሩ መበስበስ ጀምሯል። ዘንድሮ መቀየር አለበት፤ ለብቻዬ ደግሞ አልችለውም» አለኝ።

«ቆይ፣ መጣሁ» አልኩት፣ ጀልባዬንም አጥብቄ አሰርኩ።